ከፉርጎው በፊት ዋሻውን ለኪ

ከቃሊቲ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የመካኒካል ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ምኞትሽ የምድር ውስጥ ባቡር ፉርጎ ዲዛይን ማድረግ ነው። ጓደኞችሽ ግን «ሜትሮ በሌለበት አገር?» እያሉ ያሳቅቁሻል።

አይዞሽ፣ ምኞትሽ ደግ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ስለ ፉርጎው መልክ ሁለት ገጽ ጽፈሻል፤ ስለ ዋሻው አንድም ቃል የለም። በዚህ ሙያ የምትሠሪው ዋሻው እሺ ያለሽን ነው።

የለንደን ጥልቅ መስመሮች ዋሻ ክብ ነው፤ የአብዛኛው ዲያሜትር 3.56 ሜትር ገደማ ነው። የባቡሮቹ ጣሪያ ጎበጥ ያለው ለዚህ ነው። ኒውዮርክ እ.ኤ.አ. በ1904 የከፈተችው መስመር እስከ ዛሬ ወርዱ 2.7 ሜትር ገደማ የሆነ ፉርጎ ነው የሚያስገባው። በኋላ ከተቆፈሩት ብዙዎቹ 3 ሜትር ያህሉን ይችላሉ።

ኩርባ ላይ ደግሞ ርዝመትም ይፈትንሻል። ወረቀት ላይ ቅስት ሳይና ማስመሪያ አስቀምጪበት። ከጫፎቹ ትንሽ ገባ ያሉ ሁለት ነጥቦች ቅስቱ ላይ ይረፉ። መሃሉ ወደ ውስጥ ገባ፣ ጫፎቹ ወደ ውጭ ወጡ አይደል? ሁለቱ ነጥቦች ፉርጎው የተቀመጠባቸው ቦጊዎች፣ ማለትም ጎማዎቹን የያዙት ጋሪዎች ናቸው። በመካከላቸው 12 ሜትር ካለና የኩርባው ሬዲየስ 100 ሜትር ከሆነ፣ መሃሉ 18 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። 16 ሜትር ስታደርጊው 32 ይሆናል። ርቀቱን በራሱ አባዢና ለሬዲየሱ 8 እጥፍ አካፍዪ፤ በቃ። የፉርጎው መወዛወዝና የሀዲዱ መዛነፍ ገና አልተጨመሩም።

ይህን መዘንጋት ያስከፍላል። ስፔን ውስጥ ለአስቱሪያስና ለካንታብሪያ የታዘዙ ባቡሮች ለአንዳንዶቹ ዋሻዎች ትልቅ ሆነው ተገኙ። ፉርጎዎቹ ገና አልተሠሩም ነበር፤ ቢሆንም ሥራው ዓመታት ተጓተተ። እ.ኤ.አ. በ2023 የባቡር ድርጅቱ ኃላፊ ከሥራቸው ለቀቁ።

ስለዚህ ለኢንተርንሺፕ ሩቅ አትሂጂ። የቀላል ባቡሩ ዴፖ እዚያው ቃሊቲ አለልሽ። ዲዛይን ክፍል ካልሆነ አትበይ፤ ጥገና ግቢ። የተበላ ጎማ በእጅሽ ለኪ፣ ቦጊ ሲፈታ ቆመሽ እዪ። ፒያሳ አካባቢ ባቡሩ ከመሬት በታች ሲያልፍም በመስኮት በኩል ግድግዳው ምን ያህል እንደሚቀርብ ልብ በዪ። በባቡር ምህንድስና ማስተርስ መቀጠል ከፈለግሽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አለ። እኔን ብትሰሚኝ ግን መጀመሪያ እጅሽ ግራሶ ይንካ።

እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ ልስጥሽ። ያ ቀመር የመሃሉን ነው የሚነግርሽ። የፉርጎውን ሙሉ ርዝመት ራስሽ ምረጪና ጫፎቹ ስንት ሳንቲሜትር ወደ ውጭ እንደሚወጡ አስልተሽ ላኪልኝ፤ አየዋለሁ።