ከጦሳ ሥር የተሰማ የባላገር ዘፈን

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ለአንባቢዎቻችን ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት ከጦሳ ተራራ ሥር ባለችው በደሴ ከተማ በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ለረጅም ዓመታት የማታ ዝግጅት ሲያቀርቡ የቆዩ ጋዜጠኛ ናቸው። ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ሐሙስ ማታ ይተላለፍ የነበረውን የካንትሪ (የአሜሪካ ባላገር) ሙዚቃ ሰዓት የሚያነሡ በመሆናቸው፣ ተመሳሳይ የሆኑትን በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አባቴ የሐሙሱን የካንትሪ ሰዓት ሳያዳምጥ አይተኛም ነበር። እኔን ግን እስከ ዛሬ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ባቲና አምባሰል በተገኙበት አገር ተቀምጣችሁ የአሜሪካ ገበሬ ዘፈን ማሰማት ለምን አስፈለጋችሁ?»

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከእርስዎ አስቀድመው የጠየቁን የጣቢያችን የሌሊት ዘበኛ ነበሩ። ከደላንታ የመጡ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ከስቱዲዮው ኮሪደር ጫፍ የሚቀመጡ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አየር ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያሰማቸው ከማንም በፊት የእኛ አድማጭ እሳቸው ነበሩ። አንድ ምሽት መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ከተጠበቀ በኋላ፣ የተቋረጠውን ዝግጅት ለመሙላት እጄ ላይ የተገኘውን የኬኒ ሮጀርስ ዘፈን ለቀቅሁ። ዘፈኑ አልቆ ወደ ኮሪደሩ ብቅ ስል ሽማግሌው «እኚህ ሰውዬ ምን ሆንሁ ነው የሚሉት? ከብት ሞቶባቸው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔና ቴክኒሺያኑ ሳቅን። ዜና አንባቢያችን ግን አልሳቀችም፤ ከሁላችንም የተሻለ እንግሊዝኛ የምትሰማው እሷ ነበረችና «ከብት አልሞተበትም አባባ፤ ሚስቱ ናት ልጆቹንና ያልተሰበሰበ አዝመራውን ጥላበት የሄደችው» አለቻቸው። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «በአጨዳ ሰዓት? አይ፣ እንዲህማ አይደረግም» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዝግጅቱ የተወለደው በዚያ ምሽት ነው፤ ሐሳቡም የዜና አንባቢዋ እንጂ የእኔ አልነበረም። እያንዳንዱ ዘፈን ከመሰማቱ በፊት ታሪኩን በሁለትና በሦስት ደቂቃ በአማርኛ እንድትተርከው ተስማማን። የካንትሪ ዘፈን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ያለው ተረክ ስለሆነ ለዚህ ዓይነቱ አቀራረብ ይመቻል። እሷ ደግሞ ቃል በቃል አትተረጉምም ነበር። ቁማርተኛ ሽማግሌ በባቡር ውስጥ ለአንድ ወጣት የሚሰጠውን ምክር የሚተርከውን ዘፈን ስታቀርብ፣ ካርታ ተጫውቶ ለማያውቅ አድማጭ ነገሩን ወደ ሰኞ ገበያ አውርዳ፣ ዋጋ እስኪደርስለት የበሬውን ገመድ ይዞ የሚጠብቅና ቀኑ ሲመሽ ሸጦ የሚገላገል ነጋዴ አደረገችው። አንዳንድ እንግሊዝኛ አዋቂዎች ይህንን ነቅፈው ጽፈውልናል፤ እኔ ግን ዛሬም ትክክል እንደ ነበረች አምናለሁ።

ባቲና አምባሰልን በተመለከተ፣ ቦታቸውን አልነካንባቸውም። ጠዋቱም ቀትሩም የእነሱ ነበር፤ የማሪቱ ለገሠን አምባሰል ሳያሰማ የሚውል የደሴ ጣቢያ ይኖራል ብዬም አላስብም። ለካንትሪ የተሰጠን፣ ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴ ሁሉ የሚሸሸው፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ሲፈቅዱልን «ማንም ስለማይሰማው ማንም አይቆጣም» ነበር ያሉን።

ጥያቄ፦ «የሙዚቃ ተማሪ ነኝ፤ የምጽፈው ከደሴ ነው። የካንትሪ ዘፈን ስሰማ ትዝታ ትዝታ ይለኛል። ጆሮዬ ነው ወይስ እውነተኛ ዝምድና አላቸው? መነሻውስ የት ነው?»

መልስ፦ ጆሮዎ አላታለለዎትም። ይህን በሚገባ ያስረዳን ቴክኒሺያናችን ነበር። የባቲ ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ በኪነት ቡድን ውስጥ ክራር ይመታ ስለነበር ከሚክሰሩ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ አሮጌ ክራር ይሰቅላል። አንድ ምሽት ዘፈን እየተሰማ ሳለ ክራሩን አውርዶ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ክሮቹን አንድ በአንድ እያጠበቀና እያላላ ቃኛቸው። ክራር ስድስት ክር ሲኖረው አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን በከፍታ ይደግማል። እሱ የቃኘው ትዝታ ሜጀር የሚባለውን፣ ማለትም ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ የሚገኙበትን ነበር። ከዚያ ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውን ዜማ ተከትሎ ሲመታ፣ ከአሜሪካዋ ናሽቪል የመጣውና ከባቲ የመጣው በአንድ ገበታ ላይ የተቀመጡ መሰሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድና ከእንግሊዝ ተሰደው በአሜሪካ በአፓላሽያ ተራሮች የሰፈሩ ሰዎች ይዘዋቸው የሄዱት የድሮ ዜማዎች ብዙዎቹ በእነዚሁ አምስት ድምፆች የተሠሩ ናቸው፤ ካንትሪም ከእነዚህ ዜማዎች ወጥቷል። በእርግጥ ዛሬ የሚሠራው ካንትሪ ሰባቱን ድምፆች የሚጠቀምና በጊታር ኮርድ የታጀበ ስለሆነ አንድ ናቸው ማለት አይቻልም። ዝምድናውም ከትዝታ አያልፍም። ቴክኒሺያናችን ያንኑ ዘፈን ሬ ፍላት እና ላ ፍላት ባሉበት በአምባሰል ቅኝት ሊያጅበው ቢሞክር ክራሩና ዘፈኑ ተኳረፉ፤ እሱም «ይኸ አምባሰልን አይወጣትም» ብሎ ክራሩን መልሶ ሰቀለው። መሣሪያዎቹን ስናይ ደግሞ ፊድል የሚባለው ባለ አራት ክር ቫዮሊን የእነሱ አዝማሪ የሚይዘው ሲሆን፣ የእኛ ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ በተሠራ አንድ ክር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ባንጆ ግን በባርነት የተወሰዱ አፍሪካውያን ከሚያውቋቸው መሣሪያዎች የተገኘ ነውና ካንትሪን የነጭ ብቻ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

መነሻውን ለጠየቁት፣ እንደ ሬዲዮ ሰው ትንሽ ብኮራ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ካንትሪን ያሳደገው ሬዲዮ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 28 ቀን 1925 በናሽቪል ከተማ የአንድ የመድን ድርጅት ንብረት የነበረው ደብሊው ኤስ ኤም የተባለ ጣቢያ፣ የ77 ዓመት ሽማግሌ የነበረውን ፊድል ተጫዋች ጂሚ ቶምሰንን ማይክሮፎን ፊት አስቀመጠው። ከዚያ የጀመረው የቅዳሜ ምሽት ዝግጅት ከ1927 ወዲህ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ተብሎ እስካሁን ይተላለፋል፤ ከመጀመሪያዎቹ ዝነኞቹ አንዱም ዲፎርድ ቤይሊ የተባለው ጥቁር የሃርሞኒካ ተጫዋች ነበር። በዚያው በ1927 ክረምት ራልፍ ፒር የተባለ ሸክላ አሳታሚ በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ ባለችው ብሪስቶል የካርተር ቤተሰብንና ጂሚ ሮጀርስን ቀረጸ፤ ሙዚቃው በሸክላ ገበያ የተስፋፋው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ «በ77ቱ ድርቅ ጊዜ የካንትሪ ዘፋኞች ለእኛ ለወሎዎች ዘፍነዋል ሲባል ሰምቼ ከጓደኞቼ ጋር ተከራከርን። እውነት ነው? ከወልዲያ።»

መልስ፦ እውነት ነው፤ ብቻቸውን ግን አልነበሩም። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያስተላለፉት ዘገባ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ፣ ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም. ሌሊት በሎስ አንጀለስ ከአርባ በላይ የሚሆኑ ዘፋኞች ተሰብስበው «ዊ አር ዘ ወርልድ» የተባለውን ዘፈን ቀረጹ። ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ የደረሱትን ይህን ዘፈን በብቸኝነት ካዜሙት መካከል ኬኒ ሮጀርስና ዊሊ ኔልሰን ሁለቱም የካንትሪ ሰዎች ናቸው። ዝግጅቱን ያስተባበረው ኬን ክራገንም የኬኒ ሮጀርስ ሥራ አስኪያጅ ነበር።

በዚያ ሌሊት ሌላም የካንትሪ ሰው ነበር። ስቲቪ ዎንደር ጥቂት ስንኝ በስዋሂሊ እንጨምር ብሎ ክርክር ሲነሣ ዌይሎን ጄኒንግስ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ይህን ነገር ዜና አንባቢያችን አየር ላይ ስታወራው «እንኳን ተወው፤ ኮረም ላይ ስዋሂሊ የሚሰማ አይገኝም ነበር» ብላ ጨመረችበት፤ በዚያ ሳምንት ስልካችን ሲጮኽ ሰነበተ።

ከደወሉልን አንዷን አልረሳትም። በልጅነቷ በመጠለያ እንደ ነበረች ነገረችን፤ ስለ ዘፈኑ ምን እንደሚሰማት ስጠይቃት «ዘፈኑን እስከ ዛሬ አልሰማሁትም ወንድሜ፤ ብስኩቱን ግን በልቻለሁ» አለችኝ። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ለእንዲህ ያለ መልስ ተከታይ ጥያቄ አላገኘሁለትም፤ ዘፈኑን ከፈትሁላት፣ እሷም እስኪያልቅ ስልኩን አልዘጋችም።

ጥያቄ፦ «አየር ላይ ከሠሩት ስሕተት የማይረሱት የትኛው ነው? ከሐይቅ።»

መልስ፦ የካንትሪ ዘፋኙን ጂም ሪቭስን «ረጅም ዕድሜ ይስጥልን» ብዬ መርቄዋለሁ። ሰውየው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1964 ራሱ በሚያበረው ትንሽ አውሮፕላን ተከስክሶ ከሞተ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈው ነበር። ዘፈኑ ሳያልቅ አንድ ጡረተኛ መምህር ደውለው «ልጄ፣ ነፍስ ይማር ብትል ይሻላል» አሉኝ። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡት የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን አንዱ ሸክላውን ያስደምጣቸው እንደ ነበረና እንግሊዝኛን የለመዱት በጂም ሪቭስ በኩል እንደሆነ አጫወቱኝ፤ ቃላቱን ሳይውጥ አንድ በአንድ ስለሚያወጣቸው። ዘፋኝ ከመሆኑ በፊት በሉዊዚያና የሬዲዮ አቅራቢ እንደ ነበረ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ማንንም ከመመረቄ በፊት አጣራለሁ።

ጥያቄ፦ «ከእርስዎ ጋር የነበሩት ዛሬ የት ናቸው? የዝግጅቱስ ቅጂ ይገኛል? ከኮምቦልቻና ከደሴ የተላኩ ሦስት ደብዳቤዎች።»

መልስ፦ ዜና አንባቢዋ አዲስ አበባ ገብታ በትርጉም ሥራ ትተዳደራለች። ቴክኒሺያኑ ጣቢያውን ለቅቆ ስልክና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ ክራሩ አሁን በሱቁ ግድግዳ ላይ ነው። ዘበኛው ጡረታ ወጥተው ወደ ደላንታ ተመልሰዋል።

ቅጂዎቹን በተመለከተ የምነግራችሁ ደስ የሚል አይደለም። የዓመታት ዝግጅት የተከማቸበት ኮምፒውተር በ2014ቱ ጦርነት ደሴ በተያዘችበት ወቅት ጠፍቷል። በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይገባን ነበር፤ ነገ ዛሬ እያልን የተውነው እኛው ነን። የተረፈው ቴክኒሺያኑ ለራሱ ብሎ በፍላሽ የወሰደው አንድ ምሽት ብቻ ነው፤ እሱም የካንትሪ ዘፋኙ ዶን ዊሊያምስ ያረፈ ሰሞን የሠራነው ነው።

ዶን ዊሊያምስ ያረፈው ጳጉሜ 3 ቀን 2009 ዓ.ም. በሩፋኤል ዕለት ነበር። ዜናው የደረሰን በማግሥቱ ነው፤ ሐሙስ ባይሆንም የዚያን ምሽት ሰዓት ለምነን ወሰድን። ዝናቡ የስቱዲዮውን ቆርቆሮ ይደበድበው ስለነበር ቴክኒሺያኑ ማይክሮፎኔን ዝቅ አድርጎ ወደ አፌ እንድጠጋ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ዜና አንባቢዋ ያን ቀን ታሪክ አልተረከችም፤ የዶን ዊሊያምስ ዘፈን ጸጥ ያለ ስለሆነ ማብራሪያ አይፈልግም አለች። ከተንታ፣ ከኩታበርና ከሐርቡ ሰዎች እየደወሉ ማን ጋር ሆነው ይሰሙት እንደ ነበር ይናገሩ ጀመር፤ አንዱ ከሞተ ወንድሙ፣ አንዷ ወደ አረብ አገር ከሄደች እኅቷ ጋር። ስለ ዘፋኙ ያወራ ሰው ጥቂት ነበር።

ቅጂውን ባለፈው ወር በጥገና ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብለን ሰማነው። ከሃምሳኛው ደቂቃ በኋላ፣ ከዝናቡ ድምፅ ሥር፣ በር ሲንኳኳ ይሰማል፤ ዘበኛችን ናቸው። ቀዩ መብራት ሲበራ በሩ እንዳይነካ ሺህ ጊዜ ተነግሯቸው ነበር። ቀጥሎ በሹክሹክታ «አቦሉ ሊቀዘቅዝ ነው» የሚል ድምፅ ይገባል፤ እኔም ሳላስበው አየር ላይ «መጣን አባባ» ስል ይሰማል።