ክብደቱ አንድ፣ ቅርጹ ሌላ፦ የአዮን ሞቢሊቲ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ቡና ይዘን ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ይበቃል ብዬ የጀመርኩት ጨዋታ እስኪመሽ ሄደ። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ነበሩ፣ አንድ የፊዚክስ መምህር፣ አንድ ቡና ነጋዴ፣ ደግሞም ወሬው ስቧቸው ወንበራቸውን ያስጠጉ ሰዎች። ርዕሳችን አዮን ሞቢሊቲን ከማስ ስፔክትሮሜትሪ ጋር አጣምሮ መጠቀም ነበር። የተጠየቅኩትንና የመለስኩትን እንደወረደ ጽፌዋለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከሥሩ ይጀምሩልን። ምንድን ነው ይሄ ነገር?

መልስ፦ ማስ ስፔክትሮሜትርን ሚዛን በሉት። ሞለኪውሉን ቻርጅ ሰጥተን አዮን እናደርገዋለን፤ እሱ ደግሞ ክብደቱን ለቻርጁ አካፍሎ ይነግረናል። አዮን ሞቢሊቲ የሚለካው ሌላ ነገር ነው።

በገበያ ቀን ሁለት ተሸካሚዎችን አስቡ። አንዱ 20 ኪሎ ስኳር በጆንያ ይዟል፤ ሌላው 20 ኪሎ የስፖንጅ ፍራሽ። ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ግርግሩ ውስጥ ግን ባለፍራሹ ካገኘው ሁሉ ጋር እየተላተመ ይዘገያል። በእኛ መሣሪያ ግርግሩ ጋዝ ነው፣ ብዙ ጊዜ ናይትሮጅን ወይም ሂሊየም። አዮኑን የሚገፋው የኤሌክትሪክ መስክ ነው። የደረሰበትን ጊዜ ለክተን ከጋዙ ጋር የሚጋጭበትን ስፋት እናሰላለን። መለኪያው ስኩዌር አንግስትሮም ነው፤ አንድ አንግስትሮም የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው።

ጥያቄ፦ ክብደቱን በትክክል ካወቅን ቅርጹ ምን ያደርግልናል?

መልስ፦ የያዝከው ስኒ ይመልስልሃል። ቡና ውስጥ ካፌኦይልኪኒክ አሲድ የሚባል አለ፤ ክሎሮጀኒክ አሲድ ከሚባሉት ወገን ነው። 3፣ 4 እና 5 ቁጥር የሚባሉ አይሶመሮች አሉት። የሦስቱም ቀመር አንድ ነው፣ ክብደታቸውም 354 (በዳልተን፣ በሞለኪውል ክብደት መለኪያ)። የሚለያዩት አንዷ ቁራጭ ቀለበቱ ላይ በተለጠፈችበት ቦታ ብቻ ነው። ጥሬ ቡና ውስጥ በብዛት የሚገኘው 5 ቁጥሩ ነው። (የቁጥሩ አሰጣጥ በአሮጌና በአዲስ ጽሑፎች ስለሚገለባበጥ ስታነቡ ተጠንቀቁ፤ እኔም ተሸውጄበታለሁ።) ሚዛኑ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሦስቱን አንድ ነው የሚላቸው። ሉሲንና አይሶሉሲንም እንደዚሁ ናቸው፤ ሁለቱም 131።

ታዲያ ሞቢሊቲ ተአምር ይሠራል ማለት አይደለም። አይሶመሮች በግጭት ስፋት የሚለያዩት ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት በመቶ ነው። የመሣሪያህ የመለየት አቅም 50 ከሆነ፣ ከሁለት በመቶ በታች ያለው ልዩነት ተደራርቦ ይታይሃል።

ጥያቄ፦ ሁለቱ መሣሪያዎች ፍጥነታቸው እንዴት ይገጥማል?

መልስ፦ የሞቢሊቲው ጉዞ በሚሊሰከንድ ነው፣ አሥር ወይም ሃምሳ በሉት። ታይም ኦፍ ፍላይት የሚባለው ማስ ስፔክትሮሜትር ደግሞ በ100 ማይክሮሰከንድ አካባቢ አንድ ጊዜ ያነባል። ስለዚህ አንዱ ጉዞ እስኪያልቅ ሌላው በመቶ የሚቆጠር ንባብ ይጨርሳል። ጋብቻው የሰመረው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ኤርፖርት ላይ ሻንጣዬን በጨርቅ ጠርገው ማሽን ውስጥ ከተቱት። እሱ ነው?

መልስ፦ የሥጋ ዘመዱ ነው። ብዙዎቹ ሞቢሊቲ ብቻ ናቸው፤ ከኋላቸው ሚዛኑ የለም። አዮን ለመሥራት ኒኬል 63 የተባለ ጨረር አመንጪ በትንሹ የሚጠቀሙም አሉ። ሚዛን ስለሌላቸው አንዳንዴ የእጅ ቅባት እንኳ ያሳስታቸዋል። ሲጮህብሽ አትደንግጪ።

ጥያቄ፦ (የፊዚክስ መምህሩ) እኛ እኮ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ከሳሳ አዮኑ አይፈጥንም?

መልስ፦ የቀኑ ምርጥ ጥያቄ! ይፈጥናል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ 760 ቶር (የግፊት መለኪያ ነው) ሲሆን እዚህ ወደ 620 ይወርዳል። በሳሳ አየር ግጭቱ ይቀንሳል። የሙቀት መጠኑና ቮልቴጁ ሳይለወጥ ጠረፍ ላይ 10 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ አዮን እዚህ በ8.2 ገደማ ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ከዚያም ይብሳል። ጅቡቲ ላይ የተስተካከለ መሣሪያ ሳይነካ እዚህ ቢመጣ ሁሉንም አዮን በሌላ ስም ሊጠራው ይችላል።

ለዚህ ነው ውጤቱን የምናስተካክለው። የተለካውን ሞቢሊቲ (አዮኑ በመስኩ ምን ያህል እንደሚፈጥን ማለት ነው) በግፊቱ አባዝተን ለ760 እናካፍላለን፤ ከዚያ በ273.15 አባዝተን ለጋዙ ሙቀት በኬልቪን እናካፍላለን። የተስተካከለው ቁጥር ሐዋሳም ሆነ አዋሽ አንድ ነው። ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር በተጣመሩት ላይ ግን ብዙ አያስጨንቅም። እነሱ ውስጥ የጋዙን ግፊት ፓምፕ ስለሚቆጣጠረው፣ ብዙ ጊዜ ጥቂት ቶር ብቻ ነው፤ የውጭው አየር አይገባበትም።

ጥያቄ፦ ጫት ውስጥ ያለውን ካቲኖን ከሜታምፌታሚን ይለያል? ሁለቱም 149 ናቸው ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ይሄማ ሞቢሊቲ አያስፈልገውም። በሙሉ ቁጥር 149 ናቸው፣ ቀመራቸው ግን የተለያየ ነው። ፕሮቶን ሲጨመርባቸው አንዱ 150.0913፣ ሌላው 150.1277 ይሆናል። ጥሩ ሚዛን ያለው ላብራቶሪ ወዲያው ይለያቸዋል። ለሁሉም ነገር ውዱን መሣሪያ መጥራት ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ላም አለችኝ። ወተት ውስጥ መርዝ አለ የሚሉት ነገርስ?

መልስ፦ እናቴ፣ የሻገተ መኖ ነው ጣጣው፣ ፋጉሎም ሊሆን ይችላል። ሻጋታው አፍላቶክሲን ቢ1ን ያመርታል፤ ላሟ ደግሞ ወደ ኤም1 ትለውጠውና በወተቷ ይወጣል። ማፍላት አያጠፋውም። ኤም1 እና ጂ1 የሚባለው ቀመራቸው አንድ ነው፣ ክብደታቸው 328። ሞቢሊቲ ተጨማሪ ማስረጃ ይሰጣል፣ ግን ክሮማቶግራፊ (ድብልቁን በቱቦ አሳልፎ አንድ በአንድ የሚለይ ዘዴ) ብቻውንም ይለያቸዋል። እርስዎ መኖውን ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ክሮማቶግራፊን ይተካል?

መልስ፦ አይተካም። ይደግፈዋል እንጂ።

ጥያቄ፦ ማን ፈለሰፈው?

መልስ፦ አንድ ሰው አይደለም። ፈረንሳዊው ፖል ላንዠቫን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የአዮኖችን እንቅስቃሴ በጋዝ ውስጥ አጠና። በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኧርል ማክዳንኤል ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር አጣመረው። ትልልቅ ሞለኪውሎች ሳይሰበሩ አዮን እንዲሆኑ ያደረገው ኤሌክትሮስፕሬይ ሲመጣ ፕሮቲንም ገባበት። ጆን ፌን ለዚህ ሥራው በ2002 ኖቤል ተካፈለ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፕሮቲን ላይ ምን ያሳያል?

መልስ፦ ተጠቅልሏል ወይስ ተፈትቷል የሚለውን። ቻርጃቸው እኩል ከሆነ የተጠቀለለው ቶሎ ይደርሳል፤ የተፈታው እንደ ባለፍራሹ ይዘገያል።

ጥያቄ፦ እዚህ አገር እንዲህ ያለ መሣሪያ ለማቆየት የሚከብደው ምንድን ነው?

መልስ፦ መብራት! አንድ ጊዜ በሠራሁበት ላብራቶሪ ሌሊት መብራት ጠፋና የቫክዩም ፓምፑ ቆመ። ጠዋት ስንገባ መሣሪያው አየር ሞልቶታል። ፓምፑ እስኪያጸዳውና እንደገና እስኪስተካከል ሥራችን ሁሉ ቆሞ ዋለ። ከመሣሪያው በፊት የመጠባበቂያ ባትሪውንና ንጹህ ናይትሮጅኑን አስቡ።

ጥያቄ፦ (ነጋዴው) የሲዳማን ቡና ከጉጂው ይለይልኛል?

መልስ፦ በአንድ ሞለኪውል አይለይም። ሁለቱም ቡናዎች ያው አሲዶች አሏቸው። ከሁለቱም ቦታ ምንጫቸው የታወቀ ብዙ ናሙና ሰብስቦ የመጠን ልዩነታቸውን ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሲቆላ ደግሞ እነዚያ አሲዶች ይቀንሳሉ፣ እርስ በርስም ይለዋወጣሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ናሙና ላምጣ?

መልስ፦ ያምጡ ጋሼ፣ ጥሬውን ግን። የተቆላውን እዚሁ እንጠጣዋለን።