መልስ፦ በኬንቶሪፓ ሳንቲም ላይ ስላዩት ጨረር

ጠያቂያችን፣ በጥንታዊቷ የሲሲሊ ከተማ በኬንቶሪፓ ሳንቲም ላይ፣ በነብሩ ምስል ዙሪያ ያዩት ጨረር የምት ስህተት (ምስሉ በሳንቲሙ ላይ ሲመታ የተፈጠረ ግድፈት) እንደሆነ ጠይቀውናል፤ አይደለም። በስህተት ሁለቴ የተመታ ሳንቲም የሚደግመው ያንኑ ምስል ነው፤ እዚህ ግን ከሥር የሌላ ሳንቲም ምስል አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት አንዳንድ የሲሲሊ ከተሞች የሰራኩስ ከተማን ትልቅ የነሐስ ሳንቲም (30 ግራም ገደማ፤ በአንድ ገጹ የራስ ቁር የደፋች እንስት አምላክ አቴና፣ በሌላው በሁለት ዶልፊኖች መካከል ባለ ስምንት ጨረር ኮከብ) ወስደው የራሳቸውን ምስል ይመቱበት ነበር። ይህም ነሐስ አቅልጦ አዲስ ጠፍጣፋ (ምስል ያልተመታበት ባዶ ሳንቲም) ከማፍሰስ ይገላግላል።

ለማረጋገጥ ከአንድ ጎን ብቻ ዝቅ ብሎ የሚመጣ ብርሃን ይጠቀሙ፤ ሳንቲሙን በየ45 ዲግሪ እያዞሩ 8 ፎቶ ያንሱ። መጀመሪያ ጠርዙን ይዩ፤ ምቱ እዚያ ስለሚላላ አሮጌው ምስል ብዙ ጊዜ የሚተርፈው በዚያ ነው። ዶልፊን ብቻ ቢያገኙ አይቸኩሉ፤ ኬንቶሪፓም በእንስት አምላክ ፐርሰፎኔ ራስ ዙሪያ ዶልፊኖች ቀርጻለች። የኮከቡ ጨረር ወይም የአቴና ራስ ቁር ግን አያሳስትም። አሮጌው ፊት በአዲሱ ጀርባ ሊወድቅ ስለሚችል ሁለቱንም ገጽ ይፈትሹ።

የላይኛው ምስል ከሥረኛው በኋላ እንደተመታ እርግጥ ነው፤ ከስንት ዓመት በኋላ የሚለውን ግን ሳንቲሙ ብቻውን አይነግርዎትም። እባክዎ በአሲድም ሆነ በሽቦ ብሩሽ አይንኩት፤ ያ ስስ ቅሪት ከተፋቀ ማስረጃው አብሮ ይሄዳል።