ጥያቄና መልስ፦ ንፍሮው ደሴ ላይ ለምን ይዘገያል?

ጥያቄ፦ ደሴ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ለትምህርት ቤታችን የሚኒ ሚዲያ ጋዜጣ የሳይንስ ካርቱን እናዘጋጃለን። የመጨረሻው ሳጥን (የካርቱኑ ክፍል) ላይ አንድ መምህር ውኃ ከፍታ ቦታ ላይ በዝቅተኛ ሙቀት እንደሚፈላ ለተማሪዎቹ ያብራራል። አንባቢዎች ሥዕሉን አይተው ያልፋሉ፤ ጽሑፉን አያነቡም። ፎቶ ኮፒውም ይደበዝዛል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ መምህሩን ከሥዕሉ ያውጡት። እሱ እያለ ሥዕሉ ሥራ አይኖረውም፤ ትምህርቱ ሁሉ በአፉ ያልቃል። በምትኩ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ሁለት እህትማማቾች እኩል የተዘፈዘፈ ባቄላ ይጣዱ።

አራት ሳጥን ይበቃል። በመጀመሪያው ሁለቱም ድስት ይፈላል፤ ቴርሞሜትሩ ደሴ ላይ 92፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ያሳያል። በሁለተኛው የደሴዋ እንጨት ትጨምራለች፤ ውኃው ይንተከተካል፣ ቴርሞሜትሩ ግን ከ92 አይነቃነቅም። የታሪኩ እምብርት ይህ ስለሆነ ሳጥኑን ከሌሎቹ አስፉት፤ ቃልም አይግባበት። በሦስተኛው ተራራው ይታይ፦ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። ደሴ በላይዋ ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ያንሳል፤ ግፊቱ ሲያንስ ውኃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ከፍታው በጨመረ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። በመጨረሻው የኮምቦልቻዋ ትደውላለች፦ «እትዬ፣ የእኔ በሰለ!» «የእኔ ገና ነው።» የሁለት ዲግሪ ልዩነት መብሰሉን ያዘገያል እንጂ አይከለክልም፤ የደሴውን ባቄላ ድንጋይ አታስመስሉት።

ሠዓሊዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፦ በሚፈላ ውኃ ውስጥ የሚወጡት አረፋዎች አየር ሳይሆኑ የውኃ ተን ናቸው። ተን ደግሞ አይታይም፤ ነጩ ጉም ቀዝቅዞ ጠብታ የሆነው ነው። ስለዚህ ከድስቱ አፍ እስከ ጉሙ ድረስ ትንሽ ባዶ ቦታ ተዉ። የአየር ግፊት ቀስቶችም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከየአቅጣጫው ይምጡ።

ለኅትመቱ በኤ3 ወረቀት ሥላችሁ በ71 በመቶ ወደ ኤ4 አሳንሱ። ፊደሉ 6 ሚሊ ሜትር ቁመት ቢኖረው ሲያንስ ከ4 በላይ ይቀራል። ከዚያ ካነሰ ጭረቶቹ ይዋሐዳሉ፤ ቡ እና ቢ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነውና። መጀመሪያ ቃሉን ጻፉ፣ ከዚያ የንግግሩን ክብ ዙሪያውን ሣሉ፤ ክቡ ከቀደመ ፊደሉ ይጨናነቃል። ሰማያዊ እስክሪብቶና እርሳስ ፎቶ ኮፒ ላይ ሊደበዝዙ ይችላሉ፤ በጥቁር ቀለም ሥሩ። ጥላውን በግራጫ ከመቀባት ይልቅ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር በተራራቁ ጭረቶች አሳዩት።

ከማባዛታችሁ በፊት ከአንዱ ቅጂ ላይ ቃላቱን በወረቀት ሸፍኑና ላላየው ተማሪ ስጡት። እንጨት መጨመሩ ሙቀቱን እንዳልቀየረው ካልነገራችሁ ሁለተኛውን ሳጥን እንደገና ሣሉ።