«ልኩ ውስጥ ነው» ሲሏችሁ ምን ማለታቸው ነው?

ዛሬ ሦስት ደብዳቤ ይዣለሁ። አንዱ ረጅም መልስ ይፈልጋል። ሁለቱን ቶሎ ቶሎ እላቸዋለሁ።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ኮምቦልቻ ፈትል ክፍል ከገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ወር አየር የሚለኩ ሰዎች መጥተው ነበር። ስልክ የምታህል መለኪያ ይዘው በሩ ጋ አምስት ደቂቃ ያህል ቆሙ። ስክሪኑን አይተው ‹ልኩ ውስጥ ነው፣ አታስቡ› ብለውን ሄዱ። እኔ ግን ሰኞ ሰኞ ደረቴ ይታፈናል። ማክሰኞ ይቀለኛል። ለአለቃዬ ብነግረው ‹ማሽኑ ምንም የለም ብሏል፤ እሁድ ምን በልተሽ ነው?› ብሎ ሳቀብኝ። የሚዋሸው ማሽኑ ነው ወይስ እኔ?»

የፈትል ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

አብሽሪ ልጄ። አንቺም አልዋሸሽም፣ ማሽኑም አልዋሸም። ማሽኑ የተጠየቀውን መልሷል። የተጠየቀው ግን በሩ ላይ ለአምስት ደቂቃ ስላለው አየር ነው። አንቺ በሩ ላይ አትሠሪም።

አለቃሽ ስለ እሁድ ምሳሽ ከሚጠይቅ ስለ እሁድ ዕረፍትሽ ቢጠይቅ ይሻለው ነበር። ቁልፉ ያለው እዚያ ነው። ከጥጥ ብናኝ የሚመጣ የሳንባ ሕመም አለ፤ ሐኪሞች ቢሲኖሲስ ይሉታል። ልዩ ምልክቱ ከዕረፍት በተመለሱበት የመጀመሪያ ቀን ደረት ማፈኑ ነው። ዋናው ተጠርጣሪ ጥጡ ላይ ካደሩ ባክቴሪያዎች የሚቀር ኢንዶቶክሲን የተባለ መርዝ ነው። መጀመሪያ ሰኞን ብቻ ይይዛል። ዓመታት ሲያልፉ ማክሰኞን ይጨምራል፣ ረቡዕን ይጨምራል፣ ቆይቶም ጨርሶ አልለቅ ይላል። አንቺን ማክሰኞ የሚለቅሽ ከሆነ ገና ነው፤ ለመንቀሳቀስ ጥሩ ጊዜ ላይ ነሽ። ፈረቃችሁ ተዟዙሮ ዕረፍትሽ ሐሙስ ላይ ከዋለ ደግሞ ሰኞሽ ዓርብ ነው። ሐኪም ጋ ስትሄጂ ይህን ሳትጠየቂ ንገሪው። እርግጡን የሚነግርሽ እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

አሁን ወደ መለኪያዋ። ስልክ የምታህለዋ ነገር ብናኝ አትመዝንም። ብርሃን ትለቃለች፤ ብርሃኑ ብናኙን ነክቶ ሲበተን የተበተነውን ትለካለች። ከዚያ «ይህን ያህል ብርሃን ከተበተነ ይህን ያህል ክብደት ነው» ብላ ትገምታለች። ግምቱ ከፋብሪካዋ ሲወጣ የሚስተካከለው ብዙ ጊዜ በአንድ የሙከራ አቧራ ነው፤ ከአሜሪካ አሪዞና በረሃ በመጣ አፈር። የአሪዞና አፈር ኮምቦልቻ ፈትል ክፍል ውስጥ ምን አገባው? የጥጥ ብናኝ መልኩም መጠኑም ሌላ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ከፍ ብሎም ሊወጣ ይችላል፤ ክሩ እንዳይበጠስ የምትረጩትን ጤዛ እንደ ብናኝ ትቆጥረዋለችና።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ከመለኪያዋ ጎን በፓምፕ አየር የሚስብ ማጣሪያ ይቀመጣል። ማጣሪያው በላቦራቶሪ ሚዛን ይመዘናል። ማጣሪያው 300 ማይክሮግራም ብሎ መለኪያዋ በአማካይ 200 ካለች፣ ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል የምትሰጠው ቁጥር በ1.5 ይባዛል። በዚህ መንገድ ያልተፈተሸች መለኪያ ጥቅሟ ለማነጻጸር ነው። የትኛው ጥግ ይብሳል፣ የትኛው ሰዓት ይብሳል፣ ያንን ትናገራለች። «ልኩ ውስጥ ነው» ለማለት ግን ሥልጣን የላትም።

ልኩስ ራሱ ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ ያወጣው ነው። ለፈትል ሥራ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 200 ማይክሮግራም፣ ለሽመና 750። ይህ የ8 ሰዓት አማካይ ነው። የሚለካውም ሸካራውን ጭረት ወደ ታች እየጣለ ደቃቁን ብቻ በሚወስድ የተለየ መሣሪያ ነው። የአምስት ደቂቃ ንባብን ከዚህ ጋር ማወዳደር ጤፉን በቁና ሰፍሮ በኪሎ ዋጋ እንደ መከራከር ነው።

አማካይ የሚባለውን ነገር በምሳሌ ላሳይሽ። ፈረቃሽ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው እንበል። 6ቱን ሰዓት አየሩ 120 ነው። 2ቱን ሰዓት ማሽን ሲጸዳ 900 ይደርሳል። 6 ጊዜ 120፣ 720። 2 ጊዜ 900፣ 1,800። ድምሩ 2,520፤ ለ8 ሲካፈል 315። ከልኩ በላይ ነው። ለካዮቹ ግን በ120ው ሰዓት መጥተው፣ በ120ው በር ላይ ቆመው ሄደዋል። ማንም አልዋሸም!

እኔ ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በጎልማሳነቴ መለኪያ ይዤ በየአዳራሹ እዞር ነበር። ቁጥር ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ሻይ ጠጥቼ እወጣለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሠራተኛ፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል፣ «አንተ ልጅ፣ እኛ የምንሞተው አንተ ሻይ ስትጠጣ ነው» አለችኝ። በማግስቱ መለኪያውን ወገቧ ላይ አስሬ፣ የመሳቢያ ቱቦውን ሻሿ አጠገብ አድርጌ ሙሉ ፈረቃ አዋልኩት። ማታ ስክሪኑ ላይ ያየሁት መስመር እንደ ቦርከና ሜዳ ለጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ፣ ከምሳ በኋላ ቀጥ ብሎ ተራራ ይወጣል። ሰዓቱን ጠየቅኳት። ማሽኖቹ በኮምፕሬሰር አየር የሚነፉበት ሰዓት ነው። ልክ ሻይ የምጠጣበት። ጽዳቱ ሰው ከወጣ በኋላ እንዲሆንና በተቻለ መጠን በሚስብ ማሽን እንዲሠራ ተደረገ። ተራራው ጉብታ ሆነ። በየሰከንዱ የሚመዘግብ መለኪያ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ያሳያል።

ስለዚህ ለብቻሽ አትሂጂ። በሠራተኛ ማኅበሩ ወይም በደህንነት ኮሚቴው በኩል ጠይቁ። መለኪያው ሠራተኛ ላይ ይታሰር፤ አየር የሚስብበት አፉ ከአፍንጫ 30 ሴንቲ ሜትር አይራቅ። ከዕረፍት በተመለሳችሁበት ቀን ይሁን፣ ሙሉ ፈረቃ ይዋል፣ ጽዳቱ የተጀመረበት ሰዓት ይጻፍ። ቢያንስ አንድ የማጣሪያ ፓምፕ አብሮ ይሂድ። በዚያው ቀን ደግሞ ሥራ ከመግባትሽ በፊትና ስትወጪ ሳንባሽን በትንፋሽ መለኪያ ማስለካት ያስፈልጋል። ጠዋትና ማታ የምትነፊው ቁጥር ከተራራቀ ከእኔ መቶ መስመር ጽሑፍ የበለጠ ይናገራል። ይህ ልመና አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሥራ ቦታው ጤና እንዳይጎዳ ጥንቃቄ ማድረግን በአሠሪው ላይ ጥሏል።

እስከዚያው ሻሽ መጠቅለል ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ቀጭኑ የሕክምና ማስክም በጎን ያስገባል። ፊት ላይ ጥብቅ የሚለው ኤን 95 ይሻላል። ደብተር ግዢ። የተመለስሽበትን ቀን፣ ደረትሽ የታፈነበትን ሰዓት ጻፊ።

ጥያቄ

«ጋሽዬ፣ አዲስ የደህንነት ሠራተኛ ነኝ። ኮምቦልቻና ደሴ ባሉን ሁለት ቦታዎች የፍሳሽ ጉድጓድ ከመገባቱ በፊት የምለካበት ባለ አራት ጋዝ መለኪያ ተሰጥቶኛል። ኮምቦልቻ ኦክስጅን 20.9 ይላል። ደሴ ስደርስ ሜዳ ላይ፣ ንጹሕ አየር ላይ፣ 19.3 ብሎ ይጮሃል። አለቃዬ ‹ተበላሽቷል፣ ድምፁን በፕላስተር ሸፍነውና ሥራ› አለኝ።»

ግራ የተጋባው፣ ከደሴ

መልስ

ወንድሜ፣ ፕላስተሩን ለቁስል አስቀምጠው።

እኔንም ይኸው ነገር ሚኒባስ ውስጥ አዋርዶኛል። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ልንገባ ስንል ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቀይ መብራት አበራ። ረዳቱ ሊያወርደኝ ምንም አልቀረው። አንዲት እናት «በስመ አብ!» አሉ፣ ከኋላ አንዱ «ያ አላህ!» አለ። እኔ ስለ አየር ግፊት ላስረዳ ስሞክር ማን ይሰማኛል?

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ግድም ናት፣ ደሴ 2,500 ግድም። በሁለቱም አየሩ ውስጥ ኦክስጅን ከመቶ 20.9 ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው፤ ደሴ ላይ ከኮምቦልቻው 8 ከመቶ ያህል ያንሳል። አንዳንድ ሴንሰር የሚያየው ድርሻውን ሳይሆን ግፊቱን ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ተስተካክሎ ደሴ ሲወጣ 19.3 ይላል። ማስጠንቀቂያው ደግሞ 19.5 ላይ ነው የተሞላው፤ ይጮሃል። ከፍታ የማያሳስተው ዓይነትም አለ። እሱም ቢሆን ዳገት በፍጥነት ሲወጣ ለጥቂት ጊዜ ይወዛገባል።

ደሴ ስትደርስ ጥቂት አሳርፈው። ከጉድጓዱ፣ ከጄኔሬተርና ከመኪና ጭስ ርቀህ በንጹሕ አየር እንደገና አስተካክለው። ኮምቦልቻ ስትመለስም እንዲሁ። ሳታስተካክል በፕላስተር ከሸፈንከው፣ እውነተኛው ጉድለት የመጣ ቀን የሚነግርህ የለም። በየቀኑ ከሥራ በፊት የታወቀ ጋዝ አስነካውና መጮሁን እይ። ቁጥሩ ዜሮ ማለቱ ብቻ ሴንሰሩ በሕይወት እንዳለ አያሳይም፤ የሞተ ሴንሰርም ዜሮ ይላል።

ጉድጓዱን ከአፉ ብቻ አትለካ። ቱቦውን አውርደህ ላይ፣ መሐልና ታች፣ በየደረጃው ታግሠህ ጠብቅ። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብለህ ደስ እንዳይልህ። ሰው ውስጥ ወድቆ ብታይ ደግሞ ዘለህ አትግባ። ሁለተኛውን አስከሬን የሚያደርገው ይህ ነው።

ጥያቄ

«ጋሼ፣ ደሴ ወፍጮ ቤት አለን። ባለቤቴ ስጠራው አይሰማኝም፤ እያሾፈብኝ ይመስለኝ ነበር። ልጄ በስልኩ አፕ ሲለካ 92 ዲሲቤል አለ። ይታመናል?»

የወፍጮ ቤት እመቤት

መልስ

እህቴ፣ እያሾፈብሽ አይመስለኝም። የአሜሪካው የሥራ ጤንነት ምርምር ተቋም ናዮሽ ነጻ የድምፅ መለኪያ አፕ አለው፤ የሚሠራው በአይፎን ብቻ ነው። ሌሎቹ ስልኮች ማይካቸው ስለሚለያይ ቁጥራቸውን እንደ ጥቆማ ያዥው። ያለ ስልክም መለካት ይቻላል። በአንድ ክንድ ርቀት ለመሰማማት መጮህ ካለባችሁ ድምፁ 85 ግድም ደርሷል።

በናዮሽ ስሌት 85 ለ8 ሰዓት ነው። 3 ዲሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2 ሰዓት። 92 እውነት ከሆነ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ወፍጮ ቤት ደግሞ በገበያ ቀን ስንት ሰዓት እንደሚቆም ታውቂዋለሽ። ጥጥ ጆሮ ውስጥ መወተፍ እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። ጆሮን ሙሉ የሚሸፍነውን ግዙለት፤ ጆሮውንም ያስመርምር። ልጅሽ ደግሞ ሲለካ ስልኩን ወፍጮው ላይ አያስቀምጠው፤ ንዝረቱ ቁጥሩን ያበላሻል፣ ዱቄቱም ማይኩን ይደፍነዋል። አባቱ ጆሮ አጠገብ ይያዘው።