ሐሙስ ለማን ትደውላላችሁ?

ልጆች፣ ታንክስጊቪንግ (የአሜሪካ የምስጋና በዓል) ቀርቧል፤ ስልካችሁ ከአሁኑ በቅናሽ ማስታወቂያ እንደተጨናነቀ እገምታለሁ። እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሜሪላንድ ውስጥ የሱቆችን ሒሳብ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህ ወቅት ለነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ ከመዝገቡ በኩል አውቀዋለሁ። ስለዚህ "አትግዙ" የሚል ስብከት ከእኔ አትጠብቁ። ቲቪ ያስፈለገው ቲቪ ይግዛ። ብቻ በክሬዲት ካርድ ገዝታችሁ በወሩ ካልከፈላችሁ፣ የብዙ ካርዶች ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ስለሆነ ቅናሹ ቀስ እያለ ከኪሳችሁ ይወጣል። ስለ ገንዘቡ ይህን ካልኩ ይበቃኛል።

ልነግራችሁ የፈለግኩት ከብላክ ፍራይዴይ፣ ማለትም ከትልቁ የቅናሽ ዓርብ፣ በፊት ስላለው ሐሙስ፣ ስለ በዓሉ ቀን ነው።

"ድሮ ታንክስጊቪንግ ንጹሕ ነበር፣ ዛሬ ነጋዴ አበላሸው" ሲባል እሰማለሁ። እንዲያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1939 የኖቬምበር ወር አምስት ሐሙሶች ነበሩት። በዓሉ እንደ ልማዱ በመጨረሻው ሐሙስ ቢውል 30ኛው ቀን ላይ ይደርሳል። ያኔ ሱቆች ከታንክስጊቪንግ በፊት የገና ገበያ ማስታወቅ ነውር ይመስላቸው ነበር። የገበያው ጊዜ አጠረብን ብለው ለፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አቤት አሉ። እሳቸውም በዓሉን በአንድ ሳምንት አስቀደሙት። ግማሽ ያህሉ ግዛቶች እሺ አሉ። ሌሎቹ አሻፈረን አሉ። ቴክሳስ ሁለቱንም ቀን አከበረች፤ ብልጥ ናት። የካሌንደር አታሚዎችና የፉትቦል አሠልጣኞች ጮኹ። በኋላ መንግሥት ራሱ ሲያጣራ ሽያጩ ያን ያህል አልጨመረም። በ1941 መጨረሻ "አራተኛው ሐሙስ" ተብሎ በሕግ ተወሰነ። ዛሬ የምናከብረው ቀን ከዚያ ጭቅጭቅ የወጣ ነው።

ስለዚህ ገበያው ያን ያህል አያስጨንቀኝም። የሚያሳስበኝ ተመስጋኙ መጥፋቱ ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን በየተራ "ለጤናዬ፣ ለሥራዬ፣ ለቤተሰቤ አመሰግናለሁ" እንላለን። ለፈጣሪ ከሆነ ተገቢ ነው። ግን ያንን ሥራ ያፈላለገላችሁ ሰው አለ። እሱስ ሰምቷል?

የበዓሉ ታሪክ ራሱ ይህ ጉድለት አለበት። በ1621 ማሳቹሴትስ ውስጥ ፕሊመዝ ላይ የደገሱት የእንግሊዝ ስደተኞች ከመጀመሪያው ክረምት የተረፉት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በቆሎ አተካከል ያሳያቸው የአገሩ ሰው ነው። የዋምፓኖአግ ሕዝብ መሪ ማሳሶይት ወደ 90 የሚሆኑ ሰዎችን ይዞ መጣ፤ ሰዎቹም አምስት አጋዘን አድነው ድግሱ ላይ ጨመሩ። ከ55 ዓመት በኋላ የዚሁ የማሳሶይት ልጅ ሜታኮም ከእንግሊዝ ሰፋሪዎች ጋር በተደረገ ጦርነት ተገደለ። ጭንቅላቱ ተቆርጦ እዚያው ፕሊመዝ ላይ ለዓመታት ተሰቅሎ ቆየ። ከ1970 ጀምሮ የነባሮቹ ሕዝቦች ልጆች በየዓመቱ በዚያው ሐሙስ ፕሊመዝ ላይ ተሰብስበው ሐዘን ይቀመጣሉ። ምስጋናው ቀጠለ፣ ያጎረሰው እጅ ግን ተነከሰ።

እኛም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ዲቪ ደርሶት የመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አፊዳቪት (የድጋፍ ማረጋገጫ ወረቀት) የሞላለት አለ። ኤርፖርት የተቀበለው፣ ቤዝመንቱን የለቀቀለት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ወስዶ ያሰለፈው፣ በራሱ መኪና መንዳት ያለማመደው አለ። እዚህ የተወለዳችሁት ደግሞ እናታችሁ ነርሲንግ ሆም ሌሊት ስትገባ እናንተን ያሳደረች ጎረቤት ትኖር ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ በዓል ላይ አጠገባችን የሉም። ለምን? ተጣልተናል። ነገሩ የታወቀ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ሲከርሙ በመብራት ቢል ይጋጫሉ፣ "እኔ ነኝ ሰው ያደረግኩት" በሚል ወሬ ይቀያየማሉ። እንግዳው ዕቃውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ መደዋወል የለም። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ብትጠይቁ ሁልጊዜ ሌላኛው ነው።

በእኛ ሙያ የሚገባንን ገንዘብ ካለብን ዕዳ ጋር አጣፍተን ልዩነቱን ብቻ አንጽፍም። ሁለቱም ለየብቻ ይመዘገባሉ። በሰውም ላይ እንዲህ አድርጉ። እሱ ክፉ የተናገራችሁ ቀን ካለ ይኑር። ያሳደራችሁ ሌሊት ደግሞ በራሱ መስመር ይቀመጥ። ፓስፖርት ደብቆ በነጻ ያሠራችሁን ሰው ደውላችሁ አመስግኑ አልልም፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የምናገረው ስለ ተራው ኩርፊያ ነው።

ስትደውሉ ዝርዝሩን ተናገሩ። "ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ" ሰው ልብ ውስጥ አይገባም። "ያን ጊዜ ስለሰጠኸኝ ካፖርት" ወይም "ለኢንተርቪው ሥራህን ትተህ ስላደረስከኝ" በሉ። የበዓሉን ወፍ፣ የተርኪን፣ ሥዕል ፎርዋርድ ማድረግ አይቆጠርም። ደግሞ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ግቡ። ያለዚያ ብር ልትበደሩ የደወላችሁ ይመስለዋል።

ቤት ውስጥም ሥራ አለ። አራተኛው ሐሙስ አብዛኛውን ጊዜ የገና ጾም ከገባ በኋላ ነው የሚውለው። በብዙ ቤት እናት እየጾመች ለልጆች ተርኪ ስትጠብስ ትውላለች፣ እሷ ሽሮዋን ትበላለች። የእሷ ምስጋና ዕቃ ማጠብ ነው፣ ንግግር አያስፈልገውም።

በዕለቱ ሥራ የሚገባውንም አትርሱ። ከ2020 ወዲህ ብዙ ትልልቅ ሱቆች ሐሙስ መዝጋት ጀምረዋል። ኤርፖርት፣ ፓርኪንግና ሆስፒታል ግን አይዘጉም፤ እዚያ ደግሞ የእኛ ሰው አይጠፋም። ዓርብ ገና ሳይነጋ ሰልፍ የምትይዙም ካላችሁ፣ ካሽየሯ ከእናንተ ቀድማ የተነሳች መሆኗን እያሰባችሁ ጠብቁ።

የባለውለታችሁ ስልክ ጠፍቶባችሁ ከሆነ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዕድር ጋ ጠይቁ። ሙስሊም ከሆነ መስጊድ። ዲሲ አካባቢ ያለ ሀበሻ ሁለት ሰው ከተጠየቀ ይገኛል። ሐሙስ ቀን ደውሉ እንጂ ዓርብ አትጠብቁ፤ ዓርብ ሥራ ገቢ ይሆናል፣ አያነሳላችሁም።