ጠላት ምን ፈልጎ ነው የመጣው? ስለ ፍጥጫ አዘገጃጀት ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ማለትም ተጫዋቾች ጀግኖችን ሆነው ታሪኩን በዳይስ የሚገፉበትን ጨዋታ፣ ጠላቶቹን ይዤ ማጫወት ከጀመርኩ ቆየሁ። ዛሬ ስለ ፍጥጫ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ፍጥጫ የምለው ተጫዋቾቹ ከጭራቅ ወይም ከሽፍታ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙበትን ክፍል ነው። ካልጠቀስኩ በቀር ቁጥሮቹ በ2014 ከወጣው አምስተኛ እትም ናቸው።

ጥያቄ፦ አራት ጀማሪዎች አሉኝ፣ ጀግኖቻቸው ሁሉም ደረጃ 1 (መነሻው) ላይ ናቸው። አንድ ለአንድ ይደርሳቸዋል ብዬ አራት ጎብሊን (ትንንሽ ጭራቆች) አመጣሁባቸው። ከጀግኖቹ ሁለቱ ወዲያው ወደቁ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ይሄ ሁላችንም ላይ ደርሷል። የፍጥጫ ክብደት የሚለካው ጭራቁ ሲሸነፍ በሚያስገኘው የልምድ ነጥብ ነው፤ አንድ ጎብሊን 50 ነጥብ ነው፤ አራቱ 200። ለአራት ጀማሪ 200 መካከለኛ ይመስላል። ግን ጠላቶቹ ከ3 እስከ 6 ሲሆኑ ነጥቡ በ2 ይባዛል፤ 400 ገባ ማለት ነው። 400 ደግሞ ለአንተ ቡድን «ገዳይ» የሚባለው እርከን የሚጀምርበት ነው። የሚባዛው በተራ ምክንያት ነው፤ ሁሉም አንድ አንድ ተራ በሚያገኝበት በየዙሩ አራት ጎብሊን ለመምታት አራት ጊዜ ዳይስ ይጥላል፣ ያውም መትቶ መደበቅ ይችልበታል። በ2024 በተሻሻለው መጽሐፍ ማባዣው ቀርቷል፤ የተራው ነገር ግን ያው ነው። እኔ ብሆን ሁለቱን ከፊት አቆምና ሁለቱን በሦስተኛው ዙር አስገባቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ትልቅ ጭራቅ ብቻውን ቢመጣስ? ለምሳሌ ኦገር (ግዙፉ ጭራቅ)።

መልስ፦ ለደረጃ 1 አደራ፣ ተወው። የኦገር አንድ ምት በአማካይ 13 ነው። ደረጃ 1 ላይ ያለ አስማተኛ 8 የሕይወት ነጥብ ቢኖረው ነው፤ ምቱ የዚያ እጥፍ፣ 16 ከደረሰ መውደቅ ብቻ ሳይሆን እዚያው ይሞታል። ደረጃ ሲጨምር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አራት ሰው ከቦ ይቀጠቅጠዋል፣ እሱ በዙር አንዴ ነው ተራ የሚደርሰው። ለአዋቂ ድራጎኖች በሌሎች ተራ መሃል 3 ተጨማሪ እርምጃ የተሰጣቸው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ የኛ ፍጥጫ ሁሉ «እመታለሁ፣ ዳይስ፣ ቀጣይ» ሆኗል። ሰዉ ስልኩን ማየት ጀመረ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ቁጥሩን ለጊዜው ተይውና አንድ ነገር ጻፊ፦ ጠላት ምን ፈልጎ ነው የመጣው? ድልድይ ላይ የቆሙ ሽፍቶች የበቅሎውን ጭነት ነው የሚፈልጉት፣ መሞት አይፈልጉም። ስለዚህ አንዱ ይደራደራል፣ አንዱ በቅሎዋን ይዞ ይሮጣል፣ ተጫዋቾቹ ደግሞ በቅሎዋን ማትረፍ ወይስ የቆሰለ ጓደኛቸውን ማንሳት የሚለውን በዚያች ዙር መወሰን አለባቸው። ስልኩ ያኔ ኪስ ይገባል።

የድሮው ሕግ እዚህ ላይ ጎበዝ ነበር። በ1981ዱ እትም ጭራቅ ስታገኚ ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ትጥያለሽ፤ ወዲያው የሚያጠቃው ድምሩ 2 ከሆነ ብቻ ነው፣ ከ36 አንዴ። ከ6 እስከ 8 ከመጣ ጭራቁ ራሱ ግራ ተጋብቷል። ወኔም በቁጥር ነበረ፤ የጎብሊን 7 ነው። የመጀመሪያው ሲሞት፣ ከዚያም ግማሹ ሲወድቅ ትጥያለሽ፤ ከ7 በላይ ከመጣ ይሸሻሉ ወይ እጅ ይሰጣሉ። ይህን እንዳለ ወደ አዲሱ እትም አምጥቼዋለሁ። ውጊያው በግማሽ አጠረልኝ፤ የተማረከ ጎብሊን ደግሞ ያወራል፣ መንገድ ያሳያል፣ ይዋሻል።

ጥያቄ፦ በአንድ ቀን ስንት ፍጥጫ ይበቃል?

መልስ፦ የ2014ቱ መጽሐፍ ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ይላል። የጨዋታው ቀን ነው እንጂ የናንተ ምሽት አይደለም፤ በሁለት ሦስት ምሽት ልትከፍሉት ትችላላችሁ። እንቅልፍ ያለቀውን አስማት ስለሚመልስ፣ ዋናው በመሃል እንደልብ እንዳይተኙ ነው፤ አለበለዚያ አስማተኛው ያለውን ሁሉ የመጀመሪያው ፍጥጫ ላይ ይጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ ነገሩ ሲከፋ ዳይሱን ደብቄ ብዋሽስ?

መልስ፦ እኔ አልዋሽም። አንዴ ከጠረጠሩህ ያገኙት ድል ሁሉ አይጣፍጣቸውም። ቁጥሩን አትንካ፤ የጠላትን ሐሳብ ቀይር። ለሽፍታ ሬሳ ምን ያደርግለታል? ሽፍታው በጨበጣ የመታው ሰው የሕይወት ነጥቡ ዜሮ ሲደርስ ከመግደል ይልቅ ራሱን እንዲስት ማድረግ በሕጉም ይፈቀዳል። አስረው ይውሰዱትና ማስለቀቂያ ይጠይቁበት። የሚቀጥለው ሳምንት ፍጥጫም ተገኘ።